ቤት መግዛትና በቤት መኖር፤ ከባዝ ከተማ እስከ ፍኖተ ሰላም

በምዕራብ ጎጃም የሚኖር ነጋዴ ትርፉን ሲቈጥር በመጀመሪያ የሚታየው ዕቃ ነው፤ ቀጥሎ የሚታየው የጭነት መኪና ነው፤ ሦስተኛው ግን ዘወትር ቤት ነው። በርበሬና በቆሎ ሲሰበስብ፣ ጨርቃ ጨርቅና ቆርቆሮ ሲቸረችር፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ከተማ በኪራይ ቤት ብዙ ዘመን የኖረ ሰው፣ ጥቂት ጥሪት ባጠራቀመ ጊዜ «ከእንግዲህስ የራሴ ደጃፍ ይኑረኝ» ማለቱ የተለመደ ነው።

ደጃፍ ሲፈልግም ሁለት ምርጫ ይቀርብለታል። አንደኛው በከተማው ዳርቻ አዲስ በተሸነሸነ ቦታ ላይ መሥራት ነው። ሁለተኛው ሰዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ተረጋግተው በሚኖሩበት፣ ዛፉ ባደገበት፣ ዕድሩ በቆመበት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል በሚሰማበት ነባር ሰፈር ውስጥ የተሠራ ቤት መግዛት ነው። የነባር ሰፈር ቤት ግድግዳው ያረጀ፣ ቆርቆሮው የዛገ ቢሆንም እንኳ ባለቤቱ በቀላል ዋጋ አይለቀውም። እንግዲህ ገዢው ስለ ምን ይህን ያኽል እንደሚከፍል፣ በከፈለውም ገንዘብ በእርግጥ ምን እንደ ገዛ አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቀማል እንጂ አይጐዳም።

ለዚህ ጉዳይ ምሳሌ የሚሆን ታሪክ በሩቅ ሀገር፣ በእንግሊዝ፣ ተፈጽሞ ይገኛል። ታሪኩ ግን ለፍኖተ ሰላም ሰው ባዕድ አይደለም፤ ቤቱን የገዙት ሰው ለከተማይቱ ስም እንዳወጡላት የሚነገርላቸው ራሳቸው ናቸውና።

በባዝ ከተማ የተገዛው ቤት

የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ወደ አዲስ አበባ በተቃረበ ጊዜ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ከሀገራቸው ወጡ፤ በኢየሩሳሌም በኩልም አድርገው ግንቦት 26 ቀን እንግሊዝ ሀገር ገቡ። ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው የሕዝባቸውን አቤቱታ አሰሙ። ከንግግሩ በኋላ ግን የጠበቁት ረድኤት ሳይገኝ ቀረ።

ስደቱ የወራት ብቻ እንደማይሆን በታወቀ ጊዜ፣ ለቤተ ሰባቸውና ለተከታዮቻቸው፣ አብረዋቸው ለነበሩትም ካህናት ማረፊያ የሚሆን ቤት ማስፈለጉ ግልጽ ሆነ። ስለዚህ በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ፣ ከለንደን በስተ ምዕራብ 170 ኪሎ ሜትር ያኽል ርቃ በምትገኘው በባዝ ከተማ ዳርቻ፣ ፌርፊልድ የሚባለውን ቤት ገዙ። የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ሕግ ለዚህ መሰናክል አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. በ1870 የወጣው ሕግ የውጭ ሀገር ሰው እንደ ዜጋው ሁሉ በእንግሊዝ ቤትና ርስት መያዝ እንዲችል ፈቅዶ ነበርና።

ባዝ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ በፍል ውኃዋ የታወቀች፣ ቤቶቿም በአብዛኛው ማር በመሰለ ድንጋይ የታነጹ ጥንታዊት ከተማ ናት። ፌርፊልድ የሚገኘው ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ፣ ኒውብሪጅ በሚባለው ጸጥ ያለ የመኖሪያ ሰፈር፣ የኤቨን ወንዝን ሸለቆ ቁልቁል በሚመለከት ስፍራ ላይ ነው። ቤቱ በ19ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ ሥነ ሕንጻ አርአያ የተሠራ ነበር። የኢጣልያ ጦር ከዙፋናቸው ያራቃቸው ንጉሠ ነገሥት በኢጣልያ አርአያ በተሠራ ቤት መጠለላቸው የዘመኑ ግጥምጥሞሽ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ ቤት አራት ዓመት ያኽል ኖሩ። በግቢው የነበረው የአትክልት ማሳደጊያ የመስተዋት ቤት ለጸሎት ተለይቶ ካህናቱ በአማርኛና በግዕዝ ይጸልዩበት ነበር። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለውን መጽሐፋቸውን ማዘጋጀት የጀመሩትም በዚያው በባዝ ሳሉ ነው። ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ በለንደን በሕፃናት ሆስፒታል የአስታማሚነት ትምህርት ተማሩ። እቴጌ መነን ግን የእንግሊዝ ብርድ ስለ ከበዳቸው ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው ብዙ ጊዜ በዚያ ቆዩ። የሰፈሩ ሰዎችም በካባ ተጀቡነው በእግራቸው ሲንሸራሸሩ የሚያዩአቸውን እንግዳ ጎረቤት እየለመዱአቸው ሄዱ።

ቤቱን ከመግዛት ይልቅ ቤቱን ማኖሩ ግን ከባድ ሆኖ ተገኘ። በብርድ ወራት ትልቅ ቤት ማሞቅ፣ ብዙ ሰው መመገብ፣ ግብሩንና እድሳቱን መቻል በየወሩ ገንዘብ ይጠይቃል። የሚገባ ገቢ ግን አልነበረም። በዚህም ምክንያት ንጉሠ ነገሥቱ ከሀገር ይዘውት የወጡትን የብር ዕቃ ለሽያጭ እስከ ማቅረብ ደርሰው ነበር። ይህ ለነጋዴ ሰው የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ የቤት ዋጋ አንድ ቀን ይከፈላል፤ የቤት ወጪ ግን በየቀኑ ይጠይቃል።

ሁለት ንብረት፣ ሁለት ዕጣ

በዚያው የስደት ዘመን በእንግሊዝ ፍርድ ቤት የታየ አንድ ክርክር አለ፤ ነገሩም ንግድን የሚመለከት ስለ ሆነ ሊታወስ የሚገባው ነው። ከወረራው አስቀድሞ የኢትዮጵያ መንግሥት ኬብል ኤንድ ዋየርለስ ከተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ጋር በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል ስለሚሠራ የሬዲዮ ቴሌግራፍ አገልግሎት ውል ተዋውሎ ነበር። በውሉ መሠረት ኩባንያው ለኢትዮጵያ መንግሥት የሚከፍለው ከ10,000 ፓውንድ በላይ የሚሆን ገንዘብ ቀርቶ ስለ ነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ይኸው እንዲከፈላቸው ከሰሱ።

በሐምሌ 1930 ዓ.ም. የመጀመሪያው ፍርድ ለንጉሠ ነገሥቱ ሆነ። ይሁን እንጂ ኩባንያው ይግባኝ ብሎ ጉዳዩ ገና ሳይወሰን፣ በኅዳር 1931 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ሕጋዊ ንጉሠ ነገሥት አድርጎ ዐወቀ። የይግባኙ ፍርድ ቤትም ገንዘቡ የመንግሥት ንብረት ስለ ሆነ መብቱ መንግሥት ነህ ተብሎ ወደ ታወቀው ወገን ተላልፏል በማለት ክሱን ውድቅ አደረገው።

ገንዘቡ በዚህ ዐይነት ከእጅ ወጣ። ፌርፊልድ ግን አልወጣም። የቴሌግራፉ ገንዘብ የሚፈለገው በመንግሥት ስም ነበር፤ ቤቱ ግን በግል ንብረትነት የተገዛ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ፖለቲካውን ቢለውጥም የግል ሰው የቤት ባለቤትነት በፖለቲካ ለውጥ አልተነካም። ሀገሩን፣ ዙፋኑንና ክሱን ያጣ ሰው ማታ የሚገባበትን ቤት ያላጣው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ንብረት ማለት ዕቃው ብቻ አይደለም፤ ዕቃው በማን ስምና በምን ወረቀት እንደ ተያዘም ጭምር ነው።

የንግዱ ሰው ይህን ከራሱ መዝገብ ጋር ያስተያየው። በግል የንግድ ፈቃድ የሚነግድ ሰው በንግዱ ዕዳ የሚጠየቀው በሱቁ ዕቃ ብቻ ሳይሆን በቤቱም ጭምር ነው። ቤቱን ለባንክ ብድር ዋስትና ያስያዘ ነጋዴም የቤቱን ወረቀት ከንግዱ ዕድል ጋር አስሮታል። ይህ ስሕተት ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ንግድ የተስፋፋው በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን ምን ከምን ጋር እንደ ታሰረ ዐውቆ መፈረምና ሳያውቁ መፈረም አንድ አይደሉም።

እንግሊዞች ቤት የሚገዙበት ሥርዓት

በእንግሊዝ ሀገር ነባር ሰፈር ማለት ብዙውን ጊዜ ከከተማ መካከል ወጣ ያለ፣ ሁለት ሁለት ቤት በአንድ ግድግዳ ተያይዞ የቆመበት፣ ከፊት አነስተኛ አበባ፣ ከኋላ ጓሮ ያለው መንደር ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ባሉት ዓመታት ብቻ 4 ሚሊዮን ያኽል ቤቶች ተሠርተዋል። ገንዘቡም በአብዛኛው የተገኘው ከቤት ሥራ የቁጠባ ማኅበራት ነው። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1775 በበርሚንግሃም ከተማ ተቋቋመ፤ አባሎቹም በየጊዜው እያዋጡ በተራ ቤት የሚሠሩበት ነበር። ዕቁብ ለሚያውቅ ሰው ነገሩን ማስረዳት አያስፈልግም።

ቤት የሚሸጥ እንግሊዛዊ ለደላላ ይሰጣል። ገዢው ዋጋ ያቀርባል፤ ሻጩም ተስማምቻለሁ ይላል። ነገር ግን ይህ ስምምነት ገና በሕግ አያስርም። ገዢው ከዚህ በኋላ የሕግ ዐዋቂ ይቀጥራል። የሕግ ዐዋቂው እ.ኤ.አ. በ1862 ከተቋቋመው የመሬት መዝገብ ቤት ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ፣ በቤቱ ላይ ዕዳ መኖር አለመኖሩን፣ በአጠገቡም መንገድ ወይም ሕንጻ ለመሥራት የታሰበ ነገር እንዳለ ይመረምራል። የሕንጻ መርማሪም ጣራውን፣ ግድግዳውንና መሠረቱን አይቶ ጉድለቱን በጽሑፍ ያቀርባል። በዚያ ሀገር ሕግ የቤቱን ጉድለት ፈልጎ ማግኘት በመሠረቱ የገዢው ፈንታ ነውና።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሁለቱ ወገኖች የተፈረመ ውል ይለዋወጣሉ፤ ገዢውም ብዙ ጊዜ ከዋጋው ከመቶ 10 እጁን ያስይዛል። ሁለቱም የሚታሰሩት ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው። የዚህ ሥርዓት ጉድለቱ ውሉ እስኪለዋወጥ ድረስ ባለው ጊዜ ሻጩ የተሻለ ዋጋ ቢያገኝ የፊተኛውን ገዢ ትቶ ለሌላው መሸጥ መቻሉ ነው። ጥቅሙ ደግሞ ገዢው ገንዘቡን ሳያወጣ ለመመርመር ጊዜ ማግኘቱ ነው።

በሀገራችን ያለው አሠራር

በኛ ሀገር ነገሩ የሚጀመረው በቀብድ ነው። ደላላው ያገናኛል፤ ሽማግሎች ይቀመጣሉ፤ ቀብድ ይቈጠራል፤ ምርመራው ግን ከቀብዱ በኋላ ይሆናል። «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚባለው ለዚህ ዐይነቱ ሥራ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ግልጽ ደንብ አለው። በውሉ ሌላ ነገር ካልተጻፈ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ቢተው ዕጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ለምሳሌ 100,000 ብር ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ቢያፈርስ 200,000 ብር ይመልሳል ማለት ነው። በዚህ ረገድ የሀገራችን ገዢ ከእንግሊዙ ገዢ ይልቅ ጠንካራ መያዣ አለው። ይሁን እንጂ መያዣው የሚጠቅመው ውሉ በሥርዓት ከተደረገ ነው። ያው ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፤ ሽያጩም በሦስተኛ ወገን ላይ እንዲጸና መመዝገብ አለበት።

ከዚህ በላይ በነባር ሰፈር ቤት የሚገዛ ሰው በተለይ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ቦታ አይሸጥም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነ፣ እንደማይሸጥም ደንግጓል። ስለዚህ የሚገዛው ቤቱና የቦታው የመጠቀም መብት ነው። በነባር ሰፈር መካከል የቀበሌ ቤቶች ስለሚገኙም፣ ሻጩ ተከራይ ሳይሆን ባለቤት መሆኑን ማጣራት ይገባል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ብዙ ዘመን ስለ ኖረበት ብቻ ሊሸጠው አይችልም።

ሁለተኛ፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት በውርስ ካልሆነ በቀር ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ፣ ተቀባዩ ቦታውን በሊዝ ሥርዓት እንዲይዝ ደነገገ። ለመኖሪያ ቤት የተወሰነውም የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። በእንግሊዝም አንዳንድ ቤት ከነቦታው ለዘለዓለም፣ አንዳንዱ ደግሞ ለ99 ወይም ለ125 ዓመት ስለሚሸጥ፣ የዓመት ነገር የኛ ብቻ አይደለም። ቁም ነገሩ ግን ገዢው ለሻጩ ከሚከፍለው ሌላ ለማዘጋጃ ቤት የሚከፍለውን አስቀድሞ ጠይቆ በሒሳቡ ውስጥ ማግባቱ ነው።

ሦስተኛ፣ ቤቱ የባልና የሚስት የጋራ ንብረት ከሆነ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ባል ብቻውን ፈርሞ ሚስት በኋላ የተቃወመችበት ሽያጭ ገዢውን ወደ ፍርድ ቤት የሚያደርስ ነው። ቤቱ የውርስ ከሆነም ወራሾች ሁሉ መታወቅ አለባቸው፤ በሩቅ ከተማ የሚኖረው ወንድም መርሳት አይገባም።

አራተኛ፣ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ከሚመለከተው ክፍል ሳይያዝ ትልቁ ገንዘብ መውጣት የለበትም። በዋስትና ለባንክ የተያዘ ቤት ባለቤቱ ቢለወጥም ዕዳው አብሮት ይሄዳልና። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት ቤት ገዝቶ ዕዳ ለወረሰ ሰው ሁሉ ይስማማል።

ቁልፉ ከተረከቡ በኋላ

ወረቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ሁለት ነገር ይቀራል፤ ወጪና ጎረቤት።

ስለ ወጪው፣ የጎጃም ክረምት ጭቃ ምርጊቱን ያጥባል፤ ምስጥ የግድግዳውን እንጨት ይበላል፤ ቆርቆሮ በጊዜው ካልተቀየረ ጣራው ያፈሳል። ከነዚህም ሁሉ ይልቅ ለነጋዴ የሚከብደው የታሰረ ገንዘብ ነው። ምርት ወደ ገበያ በሚወጣበት ወራት እጁ ባዶ የሆነ የበርበሬ ነጋዴ፣ ቤቱ የቱን ያኽል ቢያምር በርበሬ አይገዛለትም። ስለዚህ ቤት ለመግዛት የተመደበው ገንዘብ ከንግዱ መንቀሳቀሻ ገንዘብ ተለይቶ፣ ከእርሱም የአንድ ዓመት ማደሻ ተቀንሶ ሊታሰብ ይገባል።

ስለ ጎረቤት፣ በነባር ሰፈር ከሚከፈለው ዋጋ አንዱ ክፍል የሚከፈለው ለዚህ ነው። ሱቅ አምሽቶ የሚዘጋ፣ ለዕቃ ግዥ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ ሳምንት የሚቆይ ሰው፣ ቤቱን የሚጠብቅለት አጥር ብቻ አይደለም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል መባሉ ያለ ምክንያት አይደለምና፣ ገዢው ቤቱን ሊያይ በሄደ ጊዜ ግድግዳውን ብቻ አይቶ ባይመለስ መልካም ነው። የዕድሩን ዳኛ ጠይቆ፣ ስለ ወሰኑ ክርክር መኖር አለመኖሩን ሰምቶ፣ ውኃና መንገዱ በክረምት እንዴት እንደሚሆን አጣርቶ ይመለስ። ከሽያጩም በኋላ በዕድር መመዝገብ ከስመ ንብረት ዝውውር ቀጥሎ የሚፈጸም ሥራ እንደ ሆነ ይቍጠረው።

የፌርፊልድ ቤት ታሪክም የተፈጸመው በጎረቤት ነገር ነው። ኢጣልያ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት በገጠመች ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 1932 ዓ.ም. ከባዝ ተነሥተው ወደ ሱዳን ሄዱ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል የኢትዮጵያን ምድር ረገጡ። በበላያ አድርገው፣ ከጎጃም አርበኞች ጋር በቡሬ በኩል ሲያልፉ፣ ወጀት ትባል የነበረችውን ከተማ ፍኖተ ሰላም ብለው እንደ ሰየሟት ይነገራል። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። በ1947 ዓ.ም. እንግሊዝን በጎበኙ ጊዜ ባዝን አልዘነጉም፤ የከተማይቱም ሹማምንት የክብር ዜግነት ሰጧቸው። ቤቱንም ሳይሸጡት ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1958 ለአረጋውያን መኖሪያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ በስጦታ ሰጡ። በቢሾፍቱ ያሠሩትንም ማረፊያ በዚያው ቤት ስም ፌርፊልድ ብለውታል።

በነባር ሰፈር ቤት የሚገዛ ነጋዴ ከዚህ የሚወስደው ቃል አጭር ነው። ስሙንና ወረቀቱን አስቀድሞ ያጽዳ፤ ወጪውን አስቀድሞ ይቍጠር፤ ጎረቤቱን አስቀድሞ ይወቅ። እነዚህን ሦስቱን አሟልቶ የገባ ሰው፣ ንግዱ ቢቀና ቤቱ ለብድር ዋስትና፣ ንግዱ ቢጠም ለቤተ ሰቡ መጠለያ ይሆንለታል።